ማኪያቶ ይፈላል?

ጥያቄ፦ ከአዳማ የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «ቤታችን ሞካ (ምድጃ ላይ የሚጣድ የኤስፕሬሶ ጀበና) ከገባ ወዲህ ‹ማኪያቶ አፈላሁ› ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ ‹ማኪያቶ ይሠራል እንጂ አይፈላም› እያለች ታርመኛለች። ቡናም ሻይም ከፈላ እሱ በምን ተለየ? ደግሞስ ‹ቅመም ሻይ› ነው ወይስ ‹የቅመም ሻይ›?»

መልስ፦ ባለቤትዎ ግማሹን አግኝተውታል። «አይፈላም» ያሉት ይጸናል፤ «ይሠራል» የሚለው ግን እኔን ደስ አይለኝም። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ እንጀራ ይጋገራል። ለየሥራው ግሥ ያለውን ማድ ቤት «ሠራ» ብቻውን ሲጠቀልለው ዝም ማለት ይከብዳል። «ወጥስ ይሠራ የለ?» የሚሉ አሉ። ይሠራል፤ ወጥ ግን ማቁላላትም መከለስም ማንተክተክም ስላለበት ሁሉን የሚሰበስብ ግሥ ቢያሻው አይገርምም።

«ፈላ» የግዕዙ «ፈልሐ» ነው። የመጨረሻው የጉሮሮ ድምፅ ወድቆ ራብዑ ብቻ ቀርቷል፤ «ሰምዐ» «ሰማ»፣ «በልዐ» «በላ» እንደሆነው ማለት ነው። አንዳንዶች ሶደሬን ምስክር ያቆማሉ፦ «ፍል ውሃ ሰው ይታጠብበታል፣ ስለዚህ ‹ፈላ› ማለት ‹ሞቀ› ማለት ነው፤ ትኩስ የሆነ ሁሉ ይፈላል።» አያስኬድም። ጉንዳን ፈላ፣ ትኋን ፈላ ስንል እሳት የጣደበት የለም። በቃሉ ውስጥ ከሥር ገፍቶ መውጣት አለ፤ ፍል ውሃም ፍል የተባለው ከመሬት እየገነፈለ ስለሚወጣ ነው ባይ ነኝ።

ቅመም ሻይ እንግዲህ ሁለት ግሥ ይፈልጋል፤ ቅመሙ ይፈላል፣ ቅጠሉ ይነከራል። ለ1 ሊትር ውሃ ጣት የሚያህል ቀረፋ፣ 6 ፍሬ ቅርንፉድና ልጣጩ የተሰነጠቀ 5 ፍሬ ሄል ይበቃል። ከድኖ በመለስተኛ እሳት 10 ደቂቃ ማንተክተክ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሁለት ደቂቃ ቢጨምሩበት ቅመሙ ይበልጥ ይወጣል። ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ 2 የሻይ ማንኪያ ቅጠል መንከር፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ከድኖ ማቆየት፣ ማጥለል። ቅጠሉ ከቅመሙ ጋር አብሮ ከተንተከተከ ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይበዛና ምላስ የሚጨብጥ ምሬት ይመጣል። ቅርንፉድ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል፣ የሌላውንም ሽታ ይውጣል። የተፈጨ ቅመም ደግሞ ሻዩን ያደፈርሰዋል።

(ቀረፋን ካነሣን አይቀር፣ በዐረብኛም ስሙ ልጣጭ ማለት ነው፤ ከእኛው «ቅርፊት» ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ሻይ» ራሱ በዐረብኛ በኩል እንደመጣ ሸ ትመሰክራለች፤ ከፋርስ በቀጥታ ቢመጣ ቸ ያለው አማርኛ «ቻይ» ማለት አያቅተውም ነበር። «ሻሂ» የሚሉትም አልተሳሳቱም፤ የመን ዛሬም እንደዚያው ይላል።)

«የ» ቢገባም ባይገባም ልክ ነው። «የሽሮ ወጥ» ካላላችሁ ሞታችኋል የሚል ስላልገጠመን «ቅመም ሻይ»ም ይለፍ።

የማኪያቶ መነሻ የሆነው ኤስፕሬሶ ግን ሌላ ነው። የጣልያንኛው ግሥ «ኤስፕሪሜሬ» ጨምቆ ማውጣት ነው፤ ስለዚህ ምናሌ ላይ «ኤክስፕሬሶ» የሚጽፉ ኤክስፕሬስ ባቡር ይጠብቁ። ማሽኑ 18 ግራም ቡና በ9 ባር ግፊት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ 36 ግራም ያህል ፈሳሽ አድርጎ ያወጣል። በ10 ሰከንድ ከወረደ አፈጫጩ ሸካራ ነው፣ ቀጥኖ ይኮመጥጣል፤ ጠብ ጠብ እያለ ከዘገየ በጣም ልሟል፣ ይመራል። ሎሚ የምንጨምቅ ሰዎች ይህን «ጭምቅ ቡና» ብንለው እንዴት ባማረ! አስተናጋጁ ግን አይሰማኝም፤ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ሞካው ደግሞ እኔኑ ያሳጣኛል። ውሃው በእንፋሎት ተገፍቶ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለ ጉንዳኑ ባልኩት ከሄድን «ሞካ አፈላሁ» ማለትዎ ልክ ነው። ብቻ ቡናውን አይጠቅጥቁት፤ መውጫ ያጣ ውሃ ግፊቱን ያበዛዋል። ውሃውም ከደኅንነት ቀዳዳው በታች ይሁን። መንጫጫት ሲጀምር ያውርዱት፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ያረረ ያረረ ይላል።

ማኪያቶን «በመኪና የተሠራ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። «መኪና» ከ«ማኪና» ነው፤ «ማኪያቶ» ግን ከ«ማኪያ» ነው፣ ትርጉሙም እድፍ፣ ነጠብጣብ። ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ወተቱ በዝቶ ነጠብጣቡ ማን እንደሆነ ባይለይም።

የእርስዎ «አፈላሁ» የሚወድቀው ወተቱ ላይ ነው። የማኪያቶ ወተት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ድስቱ ዳር ዳሩን አረፋ ሲይዝና እንፋሎት ሲጀምር ያውርዱት። ከፈላ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ የበሰለ ወተት ይሸታል፣ ቆዳም ያበጃል። በእንፋሎት የሚያሞቅ ቧንቧ ከሌለዎት ክዳኑ በሚጠብቅ፣ ሙቀት በሚችል ዕቃ እስከ ግማሽ ብቻ ሞልተው፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዘው 30 ሰከንድ ያህል ይናጡት። ከግማሽ ካለፈ አረፋው መነሻ ቦታ ያጣል፣ ትኩሱም ክዳኑን ገፍቶ እጅ ላይ ይፈሳል። ለዚህ «ናጠ» የሚል ግሥ እያለን «ሠራሁ» ለምን እንላለን? ባለቤትዎ ግን አብዛኛው ሰው እንደሚለው ነው የሚሉት፤ እኔም ካፌ ገብቼ ሳዝዝ ያንኑ ማለቴ አይቀርም።