8 ጂ ላይ ጠፈርተኛው ለምን ራሱን አይስትም?

ሰላም ወንድሜ። የተዋጊ ጄት አብራሪ ያለ መከላከያ ልብስ 5 ጂ አካባቢ (ማለትም ከተለመደው ክብደቱ አምስት እጥፍ ሲጫነው) ራሱን ሊስት ይችላል፣ ታዲያ ጠፈርተኞች በስልጠና 8 ጂ እንዴት ይችሉታል ብለህ ጠይቀሃል። ነገሩ አቅጣጫው ላይ ነው። አብራሪው ቁጭ ስላለ ጫናው ከራስ ወደ እግር ነው፤ ደሙ ከአንጎሉ ይሸሻል። ጠፈርተኛው ግን በጀርባው ተንጋሎ ስለሆነ ጫናው ከደረት ወደ ጀርባ ይሄዳል። አንጎሉ ደም አያጣም።

የሚከብደው ትንፋሹ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ጂ ላይ 560 ኪሎ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ደረት አልነሳ ይላል፣ የፊት ቆዳ ወደ ጆሮ ይሳባል፣ እንባ በጎን ይፈስሳል። ለዚህ ነው በሆድ መተንፈስን የሚለማመዱት።

ሞስኮ አጠገብ የጠፈርተኞች ማሰልጠኛ በሆነችው የኮከብ ከተማ ውስጥ ያለው ትልቁ ሴንትሪፉጅ፣ ማለትም ሰውን በክንዱ ጫፍ ይዞ እያሽከረከረ ይህን ጫና የሚፈጥረው ማሽን፣ ክንዱ 18 ሜትር ነው። ሰልጣኙ በእጁ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይይዛል። ከለቀቀው ማሽኑ ይቆማል። እኔን በጣም የምትነካኝ ይቺ ቁልፍ ናት፤ ያ ሁሉ ክብደት ላዩ ላይ ሆኖ ጣቱን አለመልቀቅ!

ስልጠናው ደግሞ በተግባር ይፈለጋል። በፈረንጆች 2008 አሜሪካዊቷ ጠፈርተኛ ፔጊ ዊትሰንና ሁለት ባልደረቦቿ ወደ ምድር ሲመለሱ የተሳፈሩባት የሩሲያ መንኮራኩር ሶዩዝ ከመስመሯ ወጥታ በቁልቁለት ስትወርድ ከ8 ጂ በላይ ተጭኗቸዋል። ሦስቱም በሕይወት ወጥተዋል።