ጁሊየስ ቄሳርና የሮማ ሪፐብሊክ ፍጻሜ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጁሊየስ ቄሳር መነሣትና ስለ ሮማ ሪፐብሊክ መውደቅ ከአባላት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ጊዜው ወደ ፊት እየገፋ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሪፐብሊኩ የሚተዳደረው እንዴት ነበር? ዲሞክራሲ ነበር ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይቻልም። በትውፊት እንደሚነገረው ሮማውያን በ509 የመጨረሻውን ንጉሣቸውን አባርረው ሥልጣኑን በየዓመቱ ለሚመረጡ ሁለት ቆንሱሎች አካፈሉት፤ አንዱ የሌላውን ውሳኔ ማገድ ይችል ነበር። ሕዝቡ በጉባኤ ተሰብስቦ ሕግ ያጸድቃል፣ ሹማምንትንም ይመርጣል፤ ሆኖም ቆንሱሎች በሚመረጡበት ጉባኤ የድምፅ አሰጣጡ ለባለሀብቶች ያደላ ነበር። ሴኔቱ በሕግ አማካሪ ብቻ ቢሆንም በተግባር ግምጃ ቤቱንና የውጭ ጉዳዩን በእጁ ይዞ ነበር። ተራውን ሕዝብ እንዲጠብቁ የሚመረጡት ትሪቡኖች ደግሞ የሹማምንትን ውሳኔ የማገድ መብት ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው ሪፐብሊኩን ያፈረሰው ቄሳር ነው ይላል። እርስዎ ይስማማሉ?

መልስ፦ በከፊል እስማማለሁ፤ ሆኖም ቄሳር የተጠቀመበት መሣሪያ፣ ማለትም ከመንግሥት ይልቅ ለአዛዡ የሚታመን ጦር፣ መሠራት የጀመረው እርሱ ከመወለዱ በፊት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ወታደር ለመሆን የራስ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ ዘመቻው ሲያበቃ ገበሬው ወደ እርሻው ይመለሳል። ጦርነቱ ከኢጣልያ ወጥቶ እስከ እስፓንያና እስከ ምሥራቁ ሲዘልቅ ግን ዘመቻው ዓመታት ይፈጅ ጀመር፣ ሰፊ መሬትም በባሪያ ጉልበት በሚያሳርሱ ባለጠጎች እጅ ገባ። የመንግሥትን መሬት ለድሆች ለማከፋፈል የተነሣው ትሪቡን ቲቤሪየስ ግራከስ በ133 በሴናተሮች በተመራ ቡድን ተደብድቦ ተገደለ። በ107 ጋይየስ ማሪየስ ለሰሜን አፍሪካው ዘመቻ ምንም ንብረት የሌላቸውን ሰዎች መለመለ። እንዲህ ያለው ወታደር ሲሰናበት የሚመለስበት እርሻ ስለሌለው፣ ሴኔቱም መሬት ለመስጠት ስለሚያንገራግር፣ ተስፋው ሁሉ በአዛዡ ላይ የተጣለ ሆነ። ውጤቱ በ88 ታየ፤ የጦር አዛዡ ሱላ የሮማን ጦር እየመራ ሮማን ራስዋን ያዘ። በኋላም ዲክታተር፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ሹም፣ ሆኖ የተቃዋሚዎቹን ስም በአደባባይ እየለጠፈ አስገደለ፣ ከዚያም በገዛ ፈቃዱ ሥልጣኑን ለቀቀ። ወጣቱ ቄሳር ሚስቱን እንዲፈታ ሱላ ቢያዘው እምቢ ብሎ ተሸሽጎ ስለነበር፣ ጦር ያለው ሰው በሮማ ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በተሻለ ያውቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ቄሳር ታላቅ የጦር አዛዥ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር?

መልስ፦ ስሙ የገነነ ባለዕዳ ነበር። በ61 እስፓንያን ሊያስተዳድር ሲሄድ አበዳሪዎቹ አላላውስ ብለውት፣ ባለጠጋው ክራሰስ ለ830 ታለንት (ታላቅ የብር መመዘኛ ነው) ዋስ ሆነው። በዚያው ጊዜ ገደማ የጦር አዛዡ ፖምፒየስ ከምሥራቅ በድል ተመልሶ ጦሩን በሰላም በትኖ ነበር፤ ላሰናበታቸው ወታደሮች መሬት ቢጠይቅ ግን ሴኔቱ አጓተተበት። በእኔ አስተያየት ከሴኔቱ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ሕግ አክብሮ የመጣውን አዛዥ ሕግ ለመጣስ ወደተዘጋጀ ሰው ገፍቶ ሰጠው። በ60 ሦስቱ ተስማሙ፤ ቄሳርም በ59 ቆንሱል ሆኖ የመሬቱን ሕግ በጉልበት አጸደቀ። ባልደረባው ቢቡለስ ሊቃወም ቢወጣ እበት ተደፋበት፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ የሰማይ ምልክት እያየሁ ነውና ስብሰባው ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ሲል ከረመ። ቀልደኞች ዓመቱን «የጁሊየስና የቄሳር ቆንሱልነት» ብለውት ነበር።

ጥያቄ፦ የጋል ዘመቻስ ምን ጠቀመው?

መልስ፦ ገንዘብ፣ ዝናና ጦር አስገኘለት። ከ58 ጀምሮ በዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ በዘረፋና በምርኮኛ ሽያጭ ያካበተው ሀብት የራሱን ዕዳ ብቻ ሳይሆን የሌሎችን ፖለቲከኞች ዕዳ ለመክፈልም በቃ።

ጥያቄ፦ የሩቢኮንን ወንዝ ሲሻገር ሌላ አማራጭ አልነበረውም?

መልስ፦ ነበረው፤ እርሱ ግን ሊቀበለው አልወደደም። ሩቢኮን ቄሳር የሚያስተዳድረውን ክፍለ ሀገር ከኢጣልያ የሚለይ ወንዝ ነው፤ ጦር ይዞ መሻገር ሕገ ወጥ ነበር። ቄሳር አዛዥነቱን ይዞ እስካለ ድረስ አይከሰስም፤ ሥልጣኑን ለቆ እንደ ተራ ሰው ሮማ ቢገባ ግን እንደ ካቶ ያሉ ጠላቶቹ በ59 ስለፈጸመው ሥራ ፍርድ ቤት ሊያቆሙት ዝተው ነበር። ስለዚህ በአካል ሳይገኝ ለሁለተኛ ቆንሱልነት መወዳደርን ፈለገ። በዚህ መካከል ከፖምፒየስ ጋር ያስተሳሰረው ነገር ተበጥሶ ነበር፤ ለፖምፒየስ የዳራት ልጁ ጁሊያ በ54 በወሊድ ሞተች፣ ክራሰስም በ53 በምሥራቅ ከሮማ ባላንጣዎች ከፓርቲያውያን ጋር ሲዋጋ ወደቀ። በ50 መጨረሻ ሁለቱም አዛዦች ጦራቸውን በአንድ ጊዜ ይፍቱ የሚል ሐሳብ ለሴኔቱ ሲቀርብ 370 ሴናተሮች ደገፉት፤ የተቃወሙት 22 ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ቆንሱሉ ስብሰባውን በትኖ፣ ከሴኔቱ ውሳኔ ውጭ ፖምፒየስን አገር እንዲከላከል አዘዘ። በጥር 49 ሴኔቱ የአስቸኳይ ጊዜ ውሳኔ ሲያሳልፍ የቄሳር ወገን የሆኑት ትሪቡኖች ሸሹ፤ እርሱም አንድ ሌጌዎን (የሮማ ጦር ክፍል) ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ጦርነቱን የጀመረው እርሱ መሆኑን አልክድም፤ ጥቂት ግትሮች አብዛኛውን ሴኔት ይዘውት መሄዳቸውም ሊዘነጋ አይገባም።

ጥያቄ፦ ካሸነፈ በኋላ እንደ ሱላ ጠላቶቹን ለምን አልፈጃቸውም?

መልስ፦ ምሕረትን መርጦ ነበር። በ48 በፋርሳሎስ ፖምፒየስን ድል ካደረገ በኋላ በኋላ ገዳዮቹን የመሩትን ብሩተስንና ካሲየስን ይቅር ብሎ ሾማቸው። ነገር ግን ምሕረት ማድረግ የሚችል ሰው መቅጣትም ይችላል፤ በነጻ ዜጎች መካከል አንዱ ለሌላው ሕይወቱን መለገሱ ለብዙዎች ውርደት ነበር። ካቶ ይህን ችሮታ ከመቀበል በ46 በሰሜን አፍሪካ በኡቲካ ራሱን መግደል መረጠ። በ44 መጀመሪያ ቄሳር የዕድሜ ልክ ዲክታተር ሲባል ብቻውን ሊገዛ መሆኑ ላይ የቀረው ጥርጣሬ ተወገደ።

ጥያቄ፦ የኛ የዘመን አቆጣጠር ከቄሳር ጋር ግንኙነት አለው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አለው፣ ግን በቀጥታ አይደለም። ቄሳር ከ45 ጀምሮ 365 ቀን ያለውንና በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የሚጨመርበትን አቆጣጠር ደነገገ። ግብጻውያን ባለ 30 ቀን 12 ወራትና 5 ተጨማሪ ቀናት ነበሯቸው፤ በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን መጨመሩ የጸናው በወራሹ በአውግስጦስ ዘመን ነው። ይህ የእስክንድርያ አቆጣጠር በቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ስለመጣ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች።

ጥያቄ፦ ቄሳር ከተገደለ በኋላ ሪፐብሊኩ ለምን አልተመለሰም?

መልስ፦ ገዳዮቹ መጋቢት 15 ቀን 44 ሰውየውን በ23 ቁስል ጣሉት እንጂ ለማግስቱ ያዘጋጁት ነገር አልነበረም። በከተማይቱ ውስጥ ቄሳር ቃል የገባላቸውን መሬት የሚጠባበቁ የቀድሞ ወታደሮች ሞልተው ነበር፤ ሴኔቱም ይህን ስለፈራ ገዳዮቹን ምሮ የቄሳርን ድንጋጌዎች ግን አጸና። ገዳዮቹ ነጻ አውጪ ተባሉ፣ የገደሉት ሰው ሕግም እንደ ጸና ቀረ፤ ከዚህ የባሰ የተምታታ ውሳኔ ማሰብ ያስቸግራል። ኑዛዜው ሲነበብም ለእያንዳንዱ የሮማ ከተማ ዜጋ ገንዘብ እንደተወለት ታወቀ፤ በቀብሩ ዕለት ሕዝቡ በቁጣ ተነሥቶ ገዳዮቹ ከተማውን ለቅቀው ወጡ።

ጥያቄ፦ ቄሳር ያልቻለውን አውግስጦስ እንዴት ቻለ?

መልስ፦ በኑዛዜው ልጅ የተደረገው ኦክታቪያን የ18 ዓመት ወጣት ሳለ የቄሳርን ስምና ገንዘብ ይዞ ወታደሮቹን ሰበሰበ፤ በ43 ታዋቂውን ተናጋሪ ሲሴሮን ጨምሮ ብዙዎችን ያስገደለውን ዝርዝር ከቄሳር የጦር አዛዦች ከአንቶኒየስና ከሌፒደስ ጋር አወጣ፤ በ31 በአክቲየም የባሕር ውጊያ አንቶኒየስንና የግብጽ ንግሥት ክሊዮፓትራን አሸነፈ። በ27 ሥልጣኑን ለሴኔቱና ለሕዝቡ መለስኩ ብሎ አውግስጦስ ተባለ፤ ምርጫው፣ ቆንሱሎቹና ሴኔቱ በስም ቆዩ፣ አብዛኛው ጦር የሰፈረባቸው ክፍለ ሀገሮች ግን በእርሱ እጅ ቀሩ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6 ያደረገው ነው፤ ከኪሱ 170 ሚሊዮን ሰስተርስ (የሮማ ገንዘብ) አውጥቶ፣ በውርስም ላይ የ5 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ለተሰናባች ወታደሮች አበል የሚከፍል ቋሚ ግምጃ ቤት አቋቋመ። ሴናተሮቹ በግብሩ አጉረመረሙ፤ ገንዘቡ ግን ተሰበሰበ፣ አበሉም በአውግስጦስ ስም ተከፈለ።