ሴንሰሩን ከመክሰሳችሁ በፊት

በኤሌክትሪክ መኪና ጥገና እጃችሁን እያፍታታችሁ ላላችሁ ልጆቼ፣

ስካነሩ የሞተር ሙቀት ሴንሰር ኮድ ሲያወጣ ወዲያው ዕቃ ፍለጋ አትሩጡ። ኮዱ የሚነግራችሁ ኮምፒውተሩ ያላመነውን ንባብ እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይደለም። በብዙ ሞተሮች ሴንሰሩ በስታተሩ (በማይሽከረከረው የሞተር ክፍል) የሽቦ ጥቅል ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ በችኮላ የተሰጠ ፍርድ ደህና ሞተር ያስወርዳል።

መጀመሪያ መኪናው አድሮ ሲቀዘቅዝ ንባቦቹን አስተያዩ። የሞተሩ፣ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሩ የሚለውጠው ዕቃ) እና የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ሙቀት መቀራረብ አለበት። ቀጥሎ እየነዳችሁ ግራፉን እዩ። ሞተር ብረትና መዳብ ነው፤ በአንድ ሰከንድ 80 ዲግሪ ዘሎ አይመለስም። ከዘለለ የላላ ሶኬት ወይም የተጎዳ ሽቦ አለ። ዳገት ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፓምፑን፣ የፈሳሹን መጠንና መስመሩ ውስጥ የቀረ አየርን ፈትሹ።

ወደ ሽቦው ከመግባታችሁ በፊት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ከፍተኛውን ቮልቴጅ አጥፉ። ኤሌክትሪክ አከማችተው የሚያቆዩት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ጠብቁ፤ መራገፋቸውንም በመልቲሜትር አረጋግጡ። በብርቱካናማዎቹ ገመዶች ያለው ብዙ ጊዜ 400 ወይም 800 ቮልት ገደማ ነው። እዚህ ላይ «ይበቃል» የሚባል ጥንቃቄ የለም።

አሁን የሴንሰሩን ዓይነት ከመመሪያው እዩ። ኤንቲሲ የሚባለው ዓይነት ሲሞቅ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠኑ፣ በኦም የሚለካው) ይቀንሳል፤ መስመሩ ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ −40 ዲግሪ ያሳያል። ፒቲ1000 የሚባለው ሌላው ዓይነት ተቃራኒው ነው፦ በ0 ዲግሪ 1000 ኦም ሆኖ በየዲግሪው 3.85 ኦም ገደማ ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ሰው ንባቡን ገልብጦ ይተረጉማል።

በጣም የምሰጋው ግን የተቆረጠውን ሽቦ አይደለም፤ እሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያሰጋኝ በእርጥበት የዛገ ፒን ነው። ዝገቱ በመስመሩ ላይ 50 ኦም ቢጨምር ፒቲ1000 ከእውነቱ 13 ዲግሪ ገደማ አስበልጦ ያሳያል፤ መኪናውም ያለምክንያት ጉልበት ይቀንሳል። ኤንቲሲ ላይ የባሰ ነው። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነ ሴንሰር ላይ 50 ኦም ምንም አይታይም፣ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ደህና ይመስላል። ሞተሩ ሲግል ግን ሬዚስታንሱ ወደ ጥቂት መቶ ኦም ይወርዳል፤ ያኔ ያው 50 ኦም ሙቀቱን አሳንሶ ያሳያል። ስለዚህ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ለኩ። ሶኬቱን ከፍታችሁ ፒኖቹን በዓይናችሁ እዩ፤ ሽቦውን ነቅነቅ እያደረጋችሁ ንባቡን ተከታተሉ።

ኮዱን ለማጥፋት ብሎ በሴንሰሩ ቦታ ቋሚ ሬዚስተር የሚያስር ሰው ታገኛላችሁ። ባለቤቱ ለጊዜው ደስ ይለዋል። እናንተ ግን፣ እለምናችኋለሁ፣ እንዳታደርጉት። ኮምፒውተሩ እውነተኛውን ሙቀት ካላወቀ ሞተሩ ሲግል ጉልበት አይቀንስም። የጥቅሉ ሽፋን ይቃጠላል፣ ማግኔቱም ከመጠን በላይ ሲግል ኃይሉን ያጣል። ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ያ ኃይል አይመለስም።