«ጀግና» የሚሉት ናቸው ያሰጉኝ

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከመንዝ ነው፤ ወረዳውን ግን አይጥቀሱብኝ። ወንድሜ በሰው መግደል ተጠርጥሮ ታስሯል። ሌሊት ውሻው ሲጮህ ሽመሉን ይዞ ወጣ። የበጎቹ ጋጥ ተከፍቷል። ሰውየው ከውስጥ ሲወጣ ጩቤ መዘዘበት፤ ወንድሜም መታው። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። ፖሊስ ሲወስደው አንድ የሠፈር ልጅ ቀርጾ ሽለላ አስገብቶበት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። አሁን ግማሹ «ነፍሰ ገዳይ፣ ይሰቀል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ጀግና! ለሌባ የሚገባውን ሰጠው» ይላል። እኛም ቤተሰብ ተሰብስበን አጎታችን እውነቱን በቪዲዮ እንዲናገር ተስማምተናል። የሚናገረውን ጽፌ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ ያርሙልኝ። ደግሞስ ቤቱ ድረስ የመጣን ሌባ የመታ ሰው እንዴት ይከሰሳል?

መልስ፦ እታለም፣ እግዜር ያጽናሽ። ጽሑፉን አነበብኩት። አላረምኩትም። ቪዲዮውም እንዳይለቀቅ።

ለምን መሰለሽ? ሦስተኛው መስመር ላይ «ወንድማችን ከዚህ በፊትም በጎች ተሰርቀውበት ስለነበር ልቡ ቆስሎ ነበር» ብለሻል። ሰው እንዲያዝንለት ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ዓቃቤ ሕግ ነበርኩ። ያኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ባገኝ በቀይ አሰምሬበት ነበር። ልቡ የቆሰለ፣ ሽመሉን አጠገቡ አድርጎ የተኛ፣ ሌባው ተመልሶ እንዲመጣ የሚጠብቅ ሰው ይታየኛል። ቂም ማለት ነው። ያውም ከገዛ አጎቱ አፍ።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 414) አንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ይናገራል። ሰው የራሱን ወይም የሌላ ሰውን መብት ሲከላከል ያደረሰው ጉዳት የማያስቀጣው መቼ እንደሆነ ይዘረዝራል። ጥቃቱ ከሕግ ውጪ መሆን አለበት። እየደረሰ ያለ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት። መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ነገሩ ይበላሻል።

«ቤቱ ድረስ የመጣ» የሚለው ክርክር በስልክ ላይ ብቻ ነው የሚያሸንፈው። ቤት መግባት ብቻውን የመግደል ፈቃድ አይሆንም። በግ ንብረት ነው፤ ንብረትም በሕግ የተጠበቀ መብት ነው። መንዝ ውስጥ በግ ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የዓመት በዓል ልብስ የሚወጣው ከእሱ ነው። ግን ከሰው ነፍስ ጋር ሚዛን ላይ ሲወጣ አይደርስም። ወንድምሽን የሚያድነው በጎቹን ማዳኑ አይደለም፤ ጩቤውን መመከቱ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው፤ ጩቤው ከወጣበት ሽመሉ እስካረፈበት።

ዳኞች የሚጠይቁት ይህን ነው። ጩቤው የት ነው? ፖሊስ አግኝቶታል? ሰውየው የተመታው ፊት ለፊት ነው ወይስ ማጅራቱን? አንድ ጊዜ ነው ወይስ ደጋግሞ? ከወደቀ በኋላስ ተመትቷል? የወደቀው ጋጡ ደጃፍ ላይ ነው ወይስ ማሳ አቋርጦ ሲሸሽ? ጨረቃ ነበረች? ወንድምሽ «ሌባ!» ብሎ ጮኋል? ጩኸቱን ማን ሰማ? የአስከሬን ምርመራው ውጤት አንዳንዱን ይመልሳል። ሌላውን የሚመልሱት ጎረቤቶች ናቸው። ከሺህ አስተያየት ሰጪ መካከል አንዱስ ስለ ማጅራቱ ጠይቋል? ሟች ሌባ ነበር አልነበረም፣ ወንድምሽ ጨዋ ነው አይደለም፣ የማን ዘር ነው፣ ይኸው ነው ወሬው። አንቀጽ 78 ስለ ጨዋነት አንድም ቃል የለውም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነም ልንገርሽ። መከላከሉ ከተረጋገጠ ቅጣት የለም። መከላከል ነበር ግን ከመጠን አለፈ ከተባለ አንቀጽ 541 አለ፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት። እንዲያውም አንቀጽ 79 ላይ መጠኑን ያለፈው ከድንጋጤ ወይም ይቅር ሊባል ከሚችል ፍርሃት የተነሳ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ላይቀጣው ይችላል። መከላከል አልነበረም፣ ተራ ግድያ ነው ከተባለ ግን አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ዋስትናም አትጠብቂ። አስቦና ተዘጋጅቶ የፈጸመው ከባድ ግድያ ነው ከተባለ ወደ 539 ይወጣል፤ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው።

አሁን እነዚያን «ጀግና» ያሉትን አስቢያቸው። «ዋጋውን ሰጠው»፣ «ሌሎቹም ይማሩበታል»፣ «አባቱም እንዲህ ነበር»። በሞቀ ልብ የተጻፉ ናቸው። ግን እያንዳንዱ ቃል ነገሩን ከ78 እያራቀ ወደ 540 ይገፋዋል። የሚከላከል ሰው ለማንም ዋጋ አይሰጥም፤ ማንንም አያስተምርም። ፈርቶ ነው የሚመታው። ፍርሃቱን ደግሞ እኛ አገር ወንድ ልጅ ላይ ማውራት ነውር ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ ይህ ነው። ደንበኛዬን «ፈርተህ ነበር?» ስለው ቀና ብሎ «እኔ? በጭራሽ!» ይለኛል። ዘመዶቹ ከኋላ ሆነው ይኮራሉ። እኔ ወረቀቴን አጥፋለሁ። ወንድምሽ ፈርቶ ከነበረ ፈርቻለሁ ይበል። ሽለላው ይቅርበት።

«ነፍሰ ገዳይ» የሚሉት ያን ያህል አያስጨንቁኝም። ጉዳታቸው ያንቺን ወገን «ጀግና» ባዮች አያህልም፤ የሟችን ቤተሰብ ሐዘንም አላቀለሉም። ዳኛ አያነብም አልልሽም፤ ዳኛም ስልክ አለው። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹህ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 79 ደግሞ ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ ይላል። ዳኛው ስድቡን አንብቦ ሊተወው ይችላል። ምስክር ግን አይተወውም። ባለፈው አንድ መዝገብ ላይ ጎረቤት የመከላከያ ምስክር ሆኖ ቀረበ። «ጩቤውን አየሁት» አለ። የት ሆነህ? «ቤቴ ተኝቼ።» ታዲያ እንዴት አየኸው? «ስልክ ላይ።» ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሰው ግን እውነተኛ ምስክር ነበር፤ ጩኸቱን በጆሮው ሰምቷል። ቪዲዮው የሰማውንም አብሮ አስጣለው።

ስለዚህ አሁን የምታደርጉትን ልንገርሽ። ጩኸት የሰሙ፣ መጀመሪያ የደረሱ ሰዎችን ስም ጻፉና ለጠበቃው ስጡ። ምን እንደሚሉ ግን አታስጠኗቸው። ጠበቃ የሚቆምበት አቅም ከሌላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ የማቆም ግዴታ አለበት፤ ወንድምሽ ችሎት ላይ ይጠይቅ። ለፖሊስ ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ ዝም የማለት መብት አለው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን ሰጥቶ ከሆነ ምን እንዳለ ጠበቃው ቶሎ ይወቅ። ጋጡን አትጠግኑት፤ ከተጠገነም ማን መቼ እንደጠገነው ያዙ። ሽለላ ያስገባውን ልጅ በቁጣ ሳይሆን በእናቱ በኩል አናግሩት፤ ግን ያልተቆራረጠውን ቪዲዮ ከስልኩ እንዳያጠፋው። ያ የሚያስፈልገን ሊሆን ይችላል።

መዝገቡ ደብረ ብርሃን፣ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚመጣው። ዓቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኞቹ ወይ በነጻ ያሰናብቱታል ወይ «ተከላከል» ይሉታል። «ተከላከል» ሲባል ቤተሰብ ሁሌ ያለቅሳል፤ ተፈረደበት ብሎ። አልተፈረደበትም። የእናንተ ጎረቤቶች ተራ የሚደርሰው ገና ያኔ ነው። ስትመጡ ጋቢ ያዙ፤ ግቢው ውስጥ መጠበቅ አለ፣ ብርዱንም ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ ካይል ሪተንሃውስ የተባለው ልጅ ሁለት ሰው ገድሎ ራሴን ስከላከል ነው ብሎ በነጻ ተለቋል። እኛ አገር ቢሆን ይለቀቅ ነበር? በኢንተርኔት ስንከራከር አምሽተን አልተግባባንም። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ፈተና የለባችሁም? ለማንኛውም፣ ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2020 ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኬኖሻ ከተማ፣ በተቃውሞ ምሽት። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። ሦስት ሰው ተኩሶ መታ፣ ሁለቱ ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ያሉበት ጁሪ ከክሶቹ ሁሉ በነጻ አሰናበተው። እዚያ ተከሳሹ ራስን የመከላከል ጉዳይ ካነሳ፣ አልተከላከለም ብሎ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የዓቃቤ ሕጉ ሸክም ነው። እኛ ጋ ጁሪ የለም። መከላከሉን በማስረጃ ማሳየትም በተግባር የሚወድቀው ተከሳሹ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ቢሆን ብሎ መወራረድ ከንቱ ነው።

ይልቅ ሳትሰሙት ያለፋችሁትን ልንገራችሁ። ልጁ ከዚያ ምሽት ሳምንታት በፊት፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት የሚወጡ ሰዎችን እያየ፣ ጠመንጃዬን በያዝኩና በተኮስኩባቸው ሲል የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ዓቃቤ ሕግ ማስረጃ ይሁንልኝ አለ። ዳኛው ከለከሉ። ሌላ ዳኛ ቢሆን ይፈቅድ ነበር ይሆናል። ከመንዝ ለጻፈችው እህት የመለስኩትን አንብበህ ከሆነ ለምን ይህን እንዳነሳሁ ይገባሃል።

ከባሕር ማዶ ሳትሄዱ ደግሞ የአበራሽ በቀለን ጉዳይ አንብቡ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ እያለች ተጠለፈች። መሣሪያ ይዛ ስታመልጥ ጠላፊዋ ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት። ፍርድ ቤቱ ራሷን ተከላክላለች ብሎ በነጻ አሰናበታት። ያኔ ፌስቡክ የለም። ግን በብዙ ሰው ዓይን ጠለፋ ባህል ነበር፤ በጊዜው የነበረው የወንጀል ሕግ ራሱ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። የአሁኑ ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘግቶታል። ያገሬው አስተያየት ቢቆጠር ኖሮ ልጅቷ እስር ቤት ነበር የምታድገው።

ጥያቄ፦ እኔ የተከሰሰ ሰው ፎቶ ስር «ገዳይ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሊከሱኝ ይችላሉ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ይችላሉ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ላይ አለ፤ ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ ሲያመለክት ነው። የጻፍከው ሐሰት መሆኑን እያወቅህ ከሆነና ሁከት ሊያስነሳ የሚችል ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይመጣል። ገጽህ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ ይከብዳል። ድሮ ወንጀለኛውን ለማውጣት አውጫጭኝ ሲጠራ ያገሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ምሎ ነበር የሚናገረው። አንተ ሳትምል፣ ፊትህን በአበባ ፎቶ ሸፍነህ ነው የፈረድከው። አጥፋው።

ጥያቄ፦ የሟች ቤተሰብ ደም ይመልሳል እየተባለ ነው። ሽማግሌ ልከን ብንታረቅ ክሱ ይቀራል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ክሱ አይቀርም። ሰው መግደል የግል አቤቱታ ሲነሳ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ግን ታረቁ። ደም እንዳይፈስ ብቻ ሳይሆን፣ ተከሳሹ ጥፋተኛ ቢባል እንኳ መካሱና መጸጸቱ ቅጣት ሲሰላ ይታሰብለታል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሽማግሎቹ የእርቅ ወረቀት ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ «እገሌ እገሌን በመግደሉ ምክንያት» ብለው ይጀምራሉ፤ ወረቀቱም መዝገብ ውስጥ ይገባል። «በመካከላችን በደረሰው ሐዘን ምክንያት» ቢባል ለእርቁ ምንም አይጎድልበትም። ሳትፈርሙ ለጠበቃው አሳዩት። ሽማግሌ የሚሄደውም ከአርባው በኋላ ይሁን፤ ካህኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ቪዲዮ የሚቀርጸውን ልጅ ግን እቤት ተዉት።