«ተፈቅዷል እኮ!» እያላችሁ ለምትነዱ

ኮሎራዶ ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አሥራ አራቱን ታክሲ ነድቻለሁ፤ ከዴንቨር ኤርፖርት ያልጫንኩት የሰው ዓይነት የለም። ወገቤ እምቢ ሲል ታክሲውን ትቼ አሁን ለአዲስ መጪዎች ፎርም እሞላለሁ፣ ኮርት አብሬ እቆማለሁ። ማንም ስለማይከፍለኝ የመቆጣት መብት አለኝ።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሁለት ልጆች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «አጭሶ መንዳት ጠጥቶ ከመንዳት ይሻላል፣ ዊድ (ማሪዋና) ስታጨስ ቀስ ብለህ ነው የምትነዳው» ይላል። ሌላው «አምስት ናኖግራም ካላለፍክ ምን ያመጣሉ? ተፈቅዷል እኮ!» ይላል። ሁለቱም ግሪን ካርድ ከያዙ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ስኒዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ እዚያ አፌን ብከፍት መጮሄ ነበር። እዚህ ልጩኽ። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሯቸው።)

1. ወረቀት

ላይሰንስ፣ የመኪና ምዝገባና ኢንሹራንስ ሁልጊዜ መኪናችሁ ውስጥ ይኑሩ። አድራሻ ስትቀይሩ በአሥር ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

2. ሕጉ

ኮሎራዶ ማሪዋናን በድምፅ የፈቀደው በኅዳር 2012 ነው፤ ሱቆቹ የተከፈቱት ጥር 1 ቀን 2014። የተፈቀደው ግን 21 ዓመት ለሞላው ነው። ይህን ስነግራቸው «አላወቅንም» የሚሉኝ የ19 እና የ20 ዓመት ልጆች ብዛታቸው ያስደነግጣል።

መንዳቱ ላይ ስንመጣ በ2013 የወጣው ሕግ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 5 ናኖግራም ቲኤችሲ (የሚያጦዘው የማሪዋና ንጥረ ነገር) ከተገኘ ዳኞች «ይህ ሰው ተጽዕኖ ሥር ነበር» ብለው መደምደም ይችላሉ ይላል። ይችላሉ ነው እንጂ አለባቸው አይደለም፤ ተከሳሹ መከራከር ይችላል። ሲያትል ያላችሁ ግን ይህን አትመኑ። በዋሽንግተን ስቴት ያው አምስት ቁጥሩ ብቻውን ያስቀጣል። ቨርጂኒያ (2021) እና ሜሪላንድ (2023) ፈቅደዋል፣ ለመንዳት ያስቀመጡት የናኖግራም ቁጥር ግን የለም፤ ዊዱ መንዳትህን እንዳበላሸው ካሳዩ ይበቃል። እኛም ጋ ቢሆን ከአምስት በታች መሆን አያድንም፤ የመንዳት ችሎታህ በትንሹም ቢሆን ከቀነሰ ራሱን የቻለ ክስ አለው። ደም አልሰጥም ካልክ ላይሰንስህ ለአንድ ዓመት ይሄዳል።

የትራክ ሹፌሮች፣ እናንተን የሚገዛችሁ የፌዴራል ሕግ ነው። ስቴቱ ቢፈቅድ ባይፈቅድ፣ ሐኪም ቢያዝ ባያዝ፣ ሽንታችሁ ውስጥ ከተገኘ ከሥራ ውጭ ናችሁ። ቅዳሜ ያጨሳችሁት ሳምንት ቆይቶም ሊታይ ይችላል። ከጥር 2020 ወዲህ ደግሞ ውጤቱ በፌዴራል መዝገብ ስለሚሰፍር ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መሸሽ ቀርቷል።

ጀርመን ያላችሁ በ2024 ተፈቀደላችሁ፣ የመንዳት ወሰኑንም 3.5 ናኖግራም አደረጉላችሁ፤ እሱ ግን የሚለካው በሙሉ ደም ሳይሆን በሴረም (ከደም ተለይቶ በሚወጣው ፈሳሽ) ስለሆነ ከእኛ አምስት ጋር አታወዳድሩት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ፣ ለእናንተ ይህ ወሬ እንኳ አይነሣ።

3. ክርክሩ

ፈረንጆቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ ልጆቹ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ብቻ ነው። የአልኮል ነገር ግልጽ ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ሲጨምር ስካሩ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይበርዳል፤ መለኪያው ላይ ተንፍሰህ 0.08 በመቶ ካለ አለቀ። ቲኤችሲ ግን ስብ ውስጥ የሚደበቅ ነገር ነው። ሲጨስ በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰውየው ግን ገና አልበረደለትም። በየቀኑ የሚያጨሰው ደግሞ በሰውነቱ ያጠራቀመው ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ፣ ካቆመ ከቀናት በኋላም ደሙ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ያው ቁጥር ጦዞ የሚነዳውን አሳልፎ፣ ትናንት አጭሶ ዛሬ ደህና የሆነውን ሊይዝ ይችላል። የመኪና ነጂዎች ማኅበሩ የትሪፕል ኤ የጥናት ተቋም በ2016 እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚደግፍ ሳይንስ የለም አለ። በ2017 ደግሞ የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በአንድ እግር ማቆምና መስመር ላይ ማስኬድ በማሪዋና መስከርን እንደሚያረጋግጥ ፈተና ተደርጎ አይቅረብ፣ ፖሊሱ ያየውን ብቻ ይናገር ሲል ወሰነ።

ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እስቲ ቀጥሎ ያለውንም ስሙ። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚለው እውነት አለው፤ በማስመሰያ መኪና ሲፈትኗቸው ያጨሱት ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ከፊታቸው ካለው መኪናም ይርቃሉ። ግን መስመራቸው ውስጥ ይዋልላሉ፣ ድንገት ነገር ሲመጣ ይዘገያሉ። ሕፃን ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ሲል ቀስ ማለትህ ብቻ አያድነውም። አንድ ቢራ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። የሚበላው፣ ከረሜላ መሳዩ ዊድ ሌላ ጉድ ነው፤ እስኪሠራ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ልጁ «አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛውን ይደግማል፣ ቁልፉን ያነሣል፣ ሁለቱም ሃይዌይ 225 ላይ ይደርሱበታል።

መለኪያው አስተማማኝ ካልሆነ ታዲያ ፖሊሱ በምን ይይዛል? በዓይኑ፣ በአፍንጫው፣ ከሁሉም በላይ በአንተ አፍ።

4. የእህቴ ልጅ

ይህን ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ከደሴ ሲመጣ 19 ዓመቱ ነበር። ቤዝመንቴ ውስጥ አስቀመጥኩት። ምግብ ማድረስ ጀመረ፤ ካገኘው ግማሹን ለእናቱ ይልካል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጋሼ ሳይል አይጠራኝም። አንድ ሌሊት በሰባት ሰዓት ደወለ። «ጋሼ፣ ሃቫና መንገድ አጠገብ ጓደኞቼ ቤት ነኝ፤ መኪናዬን እዚሁ ትቼ አንተ ልትወስደኝ ትችላለህ?» አለኝ። ሄድኩ። መኪና ውስጥ ሲገባ ሸተተኝ።

ያን ሌሊት ያደረግሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ። ቤት እስክንደርስ ሰደብኩት። «እናትህ ጉሊት ተቀምጣ ያሳደገችህ ለዚህ ነው?» አልኩት። እሱም አልበቃኝም። ነግቶ ደሴ ደውዬ ለእህቴ ነገርኳት። «ልጅሽ ሐሺሽ ጀምሯል» አልኳት። ሐሺሽ የሚለው ቃል እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ልብሱን ጥሎ ጎዳና የወጣ ሰው ነው የሚታያት። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ልጅ የገራሁ መስሎኝ ነበር። ያስተማርኩት ግን እንዳይደውልልኝ ነው።

ከአራት ወር በኋላ አልደወለም፤ ራሱ ነዳ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቆሞ ሲቀር ኋላው የነበረ ፖሊስ አየው። መስኮቱን ሲያወርድ ሽታው ወጣ። «አጭሰሃል?» አለው። ልጄ ምን አለ መሰላችሁ? «አዎ፣ ትንሽ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት፤ ተፈቅዷል አይደል?» አለ። ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ገና ከኤርፖርት ስቀበለው «እዚህ አገር እውነት የተናገረ አይጎዳም» ብዬው ነበር። ዕድሜው 20 ነው። ኪሱ ውስጥ የተረፈች ቁራጭ ተገኘች። ደም ተወሰደ። ሁለት ወረቀት ይዞ ወጣ፤ አንዱ የመንዳቱ ክስ፣ ሌላው ዕድሜው ሳይደርስ በመያዙ ቲኬት።

ለመንዳቱ ክስ ጠበቃ ቆመለት። ክሱ ቀለለ፣ ተቀጣ፣ ክፍል ተማረ፣ ምግብ የማድረሱም ሥራ ቀረ። ያቺን ቲኬት ግን ለጠበቃው እንኳ አላሳየሁትም። መቶ ዶላር የማትሞላ ቅጣት ነበረች። «ይቺ ምን አላት?» ብዬ ከፍለን እንድንገላገል አደረግሁ። ስንወጣ ቡና ጋበዝኩት።

አሁን በደንብ አንብቡ። ዜግነት ላላገኘ ሰው ትንሹ ወረቀት ከትልቁ ሊከፋ ይችላል። ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ማሪዋና እስከ ዛሬ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ስቴትህ መፍቀዱን አይቆጥርልህም። ለራስህ የያዝከው ከ30 ግራም ያልበለጠ ከሆነና አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ካለህበት ከመባረር የሚያድን ልዩ አንቀጽ አለ። ሆኖም ያ አንቀጽ የሚጠብቅህ አገር ውስጥ እስካለህ ነው። ወጥተህ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ እንደ አዲስ ገቢ ሊቆጥሩህ ይችላሉ፤ እዚያ አንቀጹ አይከተልህም። ምሕረት የሚጠየቅበት ማመልከቻ አለ፣ ዋስትና ግን የለውም። አንዳንዴ ፍርድ ቤት ሳይፈርድብህ አንተ «አጭሻለሁ» ብለህ ለኢሚግሬሽን ሰው ማመንህ ብቻ ያስይዝሃል። በ2019 ደግሞ ኢሚግሬሽን የዊድ ሱቅ ውስጥ በሕጋዊ ደመወዝ መሥራት እንኳ ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል የሚል መመሪያ አወጣ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ቲኬቱን ከከፈልን ከሰባት ወር በኋላ፣ ዘግይቼ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ስወስደው ነው። ሴትዮዋ ወረቀቶቹን ገልብጣ ቲኬቷ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ከአገር እንዳይወጣ» አለች።

በሁለተኛው ዓመት እህቴ ታመመች። ኩላሊት ነው አሉ። ገንዘብ ላክን፣ አዲስ አበባ አመጧት፤ አልሆነም። መርዶውን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤዝመንት ወርጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ሲያየን ገባው። አልጮኸም። «ብሄድስ ጋሼ?» ብቻ አለኝ። አትሄድም አልኩት። የእናቱን ቀብር በስልክ አየ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ አፈር ሲለብስ ስክሪኑ ቆሞ። እኔ ዜጋ ስለሆንኩ ሄጄ እህቴን ቀበርኩ። እሱ እዚህ ድንኳን በሌለበት ለቅሶ፣ አፓርትመንት አዳራሽ ውስጥ በተከራየነው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እናንተ ወላጆች፣ አጎቶች፣ አክስቶች! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የእናንተን ልጅ ነገር እኔ ከእናንተ በፊት እሰማለሁ። «የኔ ልጅ አይነካም» የምትሉኝን ሰዎች ልጆች ኮርት አጅቤያቸዋለሁ። ሱቁ እኮ ከእንጀራ መሸጫው ቀጥሎ ነው ያለው! ፖስተሩን በየቀኑ እያያችሁ ታልፋላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ግን ስሙ አይነሣም። አንሡት! ፍቀዱላቸው አላልኩም። ግን ልጁ ሲሳሳት መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? ለእናንተ ካልሆነ ለማንም አይደለም። በነገራችን ላይ «እኛ እንኳ ዊድ አንነካም» ብላችሁ ጫት ለምታስልኩ አባቶችም አንድ ቃል አለኝ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በፌዴራሉ የተከለከሉ ዕፆች መዝገብ ከማሪዋና ጋር አንድ ረድፍ ነው የቆየው። ልጃችሁን ስትቆጡ ጉንጫችሁን ባዶ አድርጉ።

ልጆች ደግሞ እናንተ ስሙኝ። ፖሊስ ሲያስቆምህ ወረቀትህን ስጥ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ስምህን ተናገር። አትዋሽ፤ ውሸት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «መልስ ባልሰጥ እመርጣለሁ» ማለት ግን ውሸት አይደለም፣ ሕጉ የሰጠህ ነው። ምንም ዓይነት ቲኬት፣ የአሥር ዶላርም ቢሆን፣ ዕፅ የሚል ቃል ካለበት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያይ አትክፈል፣ አትፈርም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 የወንጀል ጠበቃ ስለ መባረር አደጋ ለደንበኛው መንገር አለበት ብሎ ወስኗል፤ በመስኮት ለምትከፍላት ቲኬት ግን ጠበቃ የለህምና ማን ይነግርሃል? እኔ ነበርኩ የምነግረው፣ እኔም አላወቅሁም።

5. ቁልፍ

ልጃችሁ ሌሊት ሲደውል «የት ነህ?» በሉት፣ «በሩ ላይ ቁም፣ መጣሁ» በሉት። መንገድ ላይ ሬዲዮ ክፈቱ። ቁጣው ለነገ ይደር፤ ለእናቱ አትደውሉ። መኪናውም እዚያው ይደር። ቢጎትቱት እንኳ ማስለቀቂያው እኔ ለጠበቃ ከከፈልኩት ያንሳል።