ብልቃጡ ላይ ቀኑን ጻፉ

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ጋዋን ለብሳችሁ ላብራቶሪ ለምትገቡ ነው ይህን የምጽፈው። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። የማህፀን የውስጥ ሽፋንን ያህል ያስተማረኝ ነገር የለም።

ገና ጀማሪ ሳለሁ የሁለት ሴቶች ናሙና መጣልኝ። አንዷ ወልዳለች፤ ሌላዋ ለዓመታት ልጅ ስትጠብቅ የኖረች ናት። ብልቃጦቹ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ ነበር። የኤልኤምፒው፣ ማለትም የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ፣ ባዶ ነው፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለቱን ሳስተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ታየኝ። የመካኗ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ሲጣራ፣ የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ፣ የአንዷ በ10ኛው፣ የሌላዋ በ23ኛው ቀን የተወሰደ ሆኖ ተገኘ። ያየሁት በሽታ ሳይሆን የቀን ልዩነት ነበር። ያቺ እህት ግን ወረቀቴን ይዛ ስንት ደጅ ጠናች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ሽፋን በየወሩ ፈርሶ የሚሠራ ነው። መጀመሪያ ኢስትሮጅን ሴሎቹን ያባዛል። ደግሞም የፕሮጄስትሮን መቀበያ ፕሮቲን እንዲሠሩ ያደርጋል። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሲመጣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በ17ኛው ቀን ገደማ ስላይዱን እዩት። በእጢዎቹ ሴሎች ውስጥ፣ ከኒውክለሱ ሥር፣ ነጭ ክፍተት በረድፍ ተደርድሮ ይታያል። ግላይኮጅን የሚባለው የስኳር ክምችት የነበረበት ቦታ ነው። ሁሌም ደስ ይለኛል፤ የተደረደረ ዶቃ ይመስላል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠፋል።

ግላይኮዴሊን የሚባለውን ፕሮቲን ደግሞ ውሰዱ። እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን የለም ማለት ይቻላል። ሳምንት ሳይሞላ እጢዎቹ በብዛት ማመንጨት ይጀምራሉ። ሽፋኑ ፅንስ የሚቀበለውም ያኔ ነው፤ ከ20ኛው እስከ 24ኛው ቀን ገደማ። ፅንስ ካልመጣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል። ታግደው የቆዩት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ይለቀቃሉ፤ ሽፋኑን ይበጣጥሱታል።

ኖይስ፣ ኸርቲግና ሮክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሽፋኑን በቀን በቀን የሚለይ መመሪያ ያወጡት በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። የእናንተ ማሽን ዛሬ ከአንዲት ቁራጭ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን ይለያል። ግን ቀኑን ካልነገራችሁት አያውቀውም። ደግሞ የሁሉም ሴት ዑደት 28 ቀን አይደለም። ከተቻለ እንቁላል ሊወጣ ሲል የሚጨምረው የኤልኤች ሆርሞን በሽንት ይታይ።

ካልተቻለ ጠይቁ፤ ግን በአክብሮት፣ በር ዘግታችሁ። ብዙ እናቶች ቀኑን በቁጥር አይነግሯችሁም። «የገብርኤል ማግስት ነው የመጣብኝ» ይሏችኋል። አትሳቁ፤ ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም። 20 ማለቷ ነው። ናሙናው በሚቀጥለው ወር በ11 ከተወሰደ፣ 22ኛው ቀን ላይ ናት። ይህን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ናሙናው የሚነከርበት ፎርማሊን ሲነካው ይለቃል።