በር ላይ ለእናት የምትነግሯት

ሰሞኑን እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የተቀጠሩ ሦስት ልጆች ቤቴ መጥተው ቡና ጠጣን። ሥራ ከጀመሩ ዓመት አልሞላቸውም። አንዷ «እትዬ፣ ከሁሉም በላይ ምን ላይ እንጠንቀቅ?» አለችኝ። ያኔ የመለስኩላት አላረካኝም። ስለዚህ ለእሷም፣ ለእናንተም ልጻፈው።

28 ዓመት ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ካሉ ልጆች ጋር ነው የዋልኩት። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ካራ አካባቢ ሳስተምር፣ አንድ ቀን ከክፍል ወጥቼ በረንዳ ላይ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ ደመወዝ ሳወራ ቆየሁ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ አንድ የአራት ዓመት ልጅ መስኮቱ ሥር ወድቆ ቅንድቡ ላይ ተሰንጥቋል። አጠብኩት፣ አሰርኩለት። ማታ እናቱ ስትመጣ «ሲሮጥ አዳልጦት ነው» አልኳት። ልጁ እጇን ይዞ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። እሷ ደግሞ ስላሰርኩለት አመሰገነችኝ፤ በማግስቱም በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዛልኝ መጣች። እሷ ከሄደች በኋላ ልጁ ቀሚሴን ጎተት አድርጎ «ሚስ፣ እኔኮ አልሮጥኩም፤ አንቺን ላይ ብዬ ወንበር ላይ ወጥቼ ነው» አለኝ።

እናቱን ጠርቼ እውነቱን አልነገርኳትም። ክረምት ሲገባ ሰፈር ቀየሩ። እስከ ዛሬ ያ ልጅ ዓይኔ ላይ አለ።

ትልልቅ ተማሪዎች አስተማሪ ቢበድላቸው ቤት ሄደው ይናገራሉ። የእኛዎቹ ገና ቃሉም የላቸውም፤ ቢናገሩም «ልጅ ነው» ይባላል። እዚህ ከከተማ ዳር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እናት ሥራዋ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ከሆነ ገና ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ላይ ናት፤ ልጁን እንቅልፉን ሳይጨርስ ታቅፋ አስረክባችሁ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ከእናንተ ጋር የምታወራው በር ላይ ቆማ ለሁለት ደቂቃ ነው፣ ልጇ ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደዋለ የምታውቀውም እናንተ በዚያች ሁለት ደቂቃ የነገራችኋትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ «ጎበዝ ነው፣ ደህና ውሏል» ብላችሁ አትሸኟት። ምሳውን ካልበላ አልበላም በሏት። ጓደኛው ከነከሰው ነክሶታል በሏት፤ የነከሰውን ልጅ ስም ግን አትንገሯት፤ እሱም የእናንተው ልጅ ነው።

ደብተር ላይም ያው ነው። ወላጅ «ልጄ ለምን አይጽፍም?» ብሎ ሲጨቀጭቅ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤትም ሲጫን፣ የልጁን እጅ ይዞ ሀ ሁ መጻፍ፣ ሲብስም ራስ ጽፎ ወደ ቤት መላክ የተለመደ ነው። አታድርጉት። የሦስት ዓመት ልጅ ጣቶች እርሳስ ለመጨበጥ ገና አልጠነከሩም። ጭቃ ያድቦልቡል፣ ባቄላ ይልቀም፣ የጃኬቱን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ፤ እጁን ለጽሑፍ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ይህንን ለወላጅ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱ ይቆጣል። ቢሆንም የእናንተን እጅ ጽሑፍ የልጁ ነው ብላችሁ አትስጡት።

ቁንጥጫን በተመለከተ ብዙ አልልም። ምልክቱ ቶሎ ስለሚጠፋ እንደ ቅጣት የማይቆጥሩት አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ባልደረባችሁ ስትቆነጥጥ ካያችሁ መጀመሪያ ለብቻዋ ንገሯት። ካልተወች ለርዕሰ መምህሯ ሂዱ። መቀያየም ይመጣል፣ አውቃለሁ፤ ግን ልጁ ሌላ የሚናገርለት የለውም።

ስለ እድገት ደግሞ ብዙዎቻችሁ ዲግሪን ታስባላችሁ። ከቻላችሁ ተማሩ፣ ጥሩ ነው። ግን እኔን ከምንም በላይ የለወጠኝ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው። በቀን አንድ ልጅ እመርጥና አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ አየዋለሁ፤ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። «ረባሽ ነው» አልልም፤ «ሦስት ጊዜ ከወንበሩ ተነስቶ በር በሩን አየ» እላለሁ። እንዲህ ስጽፍ ነው ረባሽ ያልኩት ልጅ እናቱን እየጠበቀ እንደነበር የገባኝ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የሕፃናት አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪም እንዲህ ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ የመኖሪያ ሕንፃው ውስጥ ያለ ጠባቂ የሚቀሩ ልጆችን ይዛ ነው የጀመረችው፤ ልክ እንደ እኛ ኮንዶሚኒየም ልጆች። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ የእንጨት ሲሊንደሮችን ከቀዳዳቸው እያወጣች እየመለሰች ከ40 ጊዜ በላይ ስትደጋግም አጠገቧ ሆና ቆጥራለች። አብረዋችሁ የሚሠሩትን ሞግዚቶችም ጠይቋቸው። የትኛው ልጅ በምን እንደሚፈራ፣ የትኛው ሲያመው ዝም እንደሚል ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ።

ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የተሻለ ስታገኙ ብትሄዱ ማንም አይፈርድባችሁም። ብቻ ለልጆቹ ሳትነግሩ፣ ሳትሰናበቷቸው አትጥፉ። በማግስቱ በሩን በሩን የሚያዩ ልጆች አሉ።

ከካራው ልጅ ብዙ ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዲት ልጅ ሻይ የያዘ ኩባያዬን ስባ እጇ ላይ አፈሰሰችው። ቀዝቀዝ ያለ ስለነበር ቆዳዋ ቀላ እንጂ አልተላጠም። ማታ ለእናቷ «እሷ የምትደርስበት ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸችብኝ። ሦስት ቀን ልጅቷን አላመጣቻትም። ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ ሳያት እግሬ ተንቀጠቀጠ። ልጅቷን አስረከበችኝና «ሌሊት ስታስላት አደረች፣ ሹራቧን እንዳታወልቂባት» ብላኝ ወደ ታክሲው ሮጠች።